የሰራኩስ አልቃሾች

ተሳፋሪዎቹ ገና ተኝተው ሳሉ ነዋሪዎቹ በመርከቧ የኋላ በር ይወርዳሉ።

ድሮ ነዋሪ ማለት ባደገበት ሰፈር ከጎረቤቱ እየተጣላ እየታረቀ የሚኖር ሰው ነበር። አሁን የሥራ መደብ ነው። ባሕሩ ከፍ ብሎ፣ ሙቀቱ በርትቶ፣ የሜዲትራኒያንን ወደቦች ሰዉ ጥሏቸው ከሄደ ወዲህ ቱሪስቱ አኮረፈ። ድንጋይ ብቻ ለማየት ማን ባሕር ያቋርጣል? መስኮት ላይ ልብስ ያልተሰጣበት፣ ዓሣ ሻጭ የማይጮህበት፣ ሴት ከሴት የማትጣላበት ከተማ ከተማ አይደለም። ስለዚህ የመርከብ ድርጅቶቹ ሰዉንም አብረው ይዘው መዞር ጀመሩ።

ከዚያ ሰው አንዱ ደምለው ነው። የደሴ ልጅ ነው፣ ጢሙ ሸብቷል። ባርሴሎና ላይ አበባ ይሸጣል፣ ማርሴይ ላይ ጥግ ይዞ የሚያንጎራጉር ሰካራም ይሆናል፣ ናፖሊ ላይ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፣ መጽሐፉ መላጥያ በሚላት በማልታ ደሴት የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደውላል። የመጨረሻዋ ወደብ ሰራኩስ ናት፤ እዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ነው። ዓሣ ከዚያ ባሕር ከጠፋ ቆይቷል። መረቡ ግን በየጉዞው ይቀደዳል። የሚቀድደውም ራሱ ደምለው ነው፣ አለዚያ ምን ሊጠግን።

ናፖሊ ላይ ሚስቱ የምትሆነው እታፈራሁ ናት። የደብረ ታቦር ሴት፣ አፏ የማይከደን፣ ሳቋ ከመርከቧ ጥሩምባ በላይ የሚሰማ። በደህናው ጊዜ ጋሼ ነው የምትለው፤ ናፖሊ ላይ ግን ሰገነት ላይ ወጥታ በንጹሕ አማርኛ ትወርድበታለች፣ ሰባት ቤት ዘመዱን ጠርታ ትሰድብለታለች። እሱም ከታች ሆኖ አይምራትም። ተሳፋሪው ፎቶ ያነሣል። አስጎብኚው ይህ የጥንት የናፖሊ ቋንቋ ነው ብሎ ያስረዳል። የናፖሊ ሰው እንዴት እንዲህ ጠቆረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዛሬዎቹ ተሳፋሪዎች ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት የናፖሊ ሰው ይኸው ነው።

ነዋሪ የሚጠብቃቸው ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፣ ከተማው ውስጥ አያድርም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በኋላ በር ይመለሳል። ጳውሎስ ሰራኩስ ገብቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ ይባላል፤ እነደምለው ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሲመላለሱባት አንዲት ሌሊት አላደሩባትም። ሁለተኛው ሕግ ፊት ነው። የመርከቧ ጣሪያ ካሜራ ነው፣ ፊት ያነባል። ፊቱ ጠቁሮ የሰነበተ ነዋሪ በሚቀጥለው የጭነት ወደብ ይወርዳል። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ መርከቧን አይመለከትም።

ሰው ደግሞ ይሞታል። ዘመዴ መርከብ ላይ ነው፣ ፊቱ ይጠቁርበታል ብሎ የሚቆይ ሞት የለም።

ኪሩቤል፣ የእታፈራሁ ብቸኛ ልጅ፣ ደብረ ታቦር ላይ በወባ ሞተ። ወባ ወደ ደጋ ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን የሚደነግጥለትም የለም። አገር ቤት ያሉት እንደ ሥርዓቱ ለእናትየው አልደወሉም። መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ቅርብ ላለ ታላቅ ሰው ይነገራል፣ እሱም ሰው ሰብስቦ በማለዳ ሄዶ፣ ሴቶቹ ግራ ቀኝ ይዘዋት፣ ውኃ ተዘጋጅቶ ነው የሚያረዳት። መርከቧ ላይ ላሉት አበሾች ታላቅ ደምለው ነው። ስለዚህ የተደወለው ለእሱ ነው፣ ባርሴሎና ላይ፣ አበባውን ባልዲ ውስጥ እየከተተ ሳለ።

ከሰዒድ ጋር መከሩ። ሰዒድ የከሚሴ ሰው ነው፣ መርከቧ ላይ ሥጋ ቤት ይሠራል፣ ሰራኩስ ላይ ደግሞ ቀሚስ ለብሶ የካቶሊክ ቄስ ይሆናል፤ እሱ ራሱ ይህን ሲያወራ አላህ ይቅር ይበለኝ እያለ ይስቃል። ያን ቀን ግን አልሳቀም። አሁን ብንነግራት የት ታለቅሳለች አለ። ጣሪያው ሥር እርም አይወጣም። ሳይለቀስለት እንዳይቀር ደግሞ ልጁ ውሻ አይደለም።

መላው የመጣለት ለደምለው ነው። ሰራኩስ ላይ ለተሳፋሪ የሚታይ ጥንታዊ ቀብር አለ። ባዶ ሣጥን በትከሻ ይወጣል፣ ቄሱ ከፊት ይሄዳል፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ይከተላሉ። የምታለቅሰው ከማኒላ የመጣች ሴት ነበረች፣ ዓይኗን በሽንኩርት እያሸች። በዚያ ምድር ላይ ነዋሪ ማልቀስ የሚፈቀድለት ቦታ ያ ሠልፍ ብቻ ነው። የሰራኩስ አሮጌ ቤቶችም ጣሪያቸው ገና ማንበብ አልጀመረም። እስከዚያ እንደብቃት፣ እዚያ እናርዳት፣ ከሣጥኑ ኋላ ሄዳ እንደ ሰው ታልቅስ ተባባሉ።

ባርሴሎናን አልፈው እስከ ሰራኩስ ድረስ ደበቋት። መደበቁ አልነበረም የከበደው፣ እሷ ነበረች። ሁሉም ተራዋን ይሸፍንላት ጀመር፤ ሰዒድ ከሥጋው ለስላሳውን እየመረጠ ያቀርብላታል፤ እሷ ስትገባ ወሬው ይቋረጣል። ምን ሆናችኋል፣ ሳልሞት ተዝካሬን ልትበሉ ነው እንዴ እያለች ትስቅባቸዋለች። ማርሴይ ላይ ለኪሩቤል ጫማ ገዛች። እግራችሁ እኩል ነውና እስቲ ለካው ብላ ለደምለው ሰጠችው። ደምለው የሞተውን ልጅ ጫማ አድርጎ ከፊቷ ወዲያና ወዲህ ተራመደ፣ ፊቱን ለጣሪያውም ለእሷም እያሳመረ። ይመቻል አላት።

ሰራኩስ ላይ ጎህ ሲቀድ ልብስ አጣቢ ሆና የምትሠራበት ቤት ሄዱ። መስኮት ላይ የሚሰጡትን አንሶላዎች እያጣጠፈች አገኟት። ሰዒድ የቄስ ቀሚሱን ለብሷል፣ ሁለት አበሻ ሴቶች ጥቁር ለብሰዋል፣ ደምለው መሐል ቆመ።

«እታፈራሁ፣ ተቀመጪ» አላት፣ ድምፁ ተንቀጠቀጠበት።

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። የአበሻ ልጅ በማለዳ ተሰብስበው ተቀመጪ ሲሏት ትርጉሙን የምታጣው የለችም። ማን ብላ አልጠየቀችም። ያላት አንድ ነው።

ያን ቀን እታፈራሁ ከባዶው ሣጥን ኋላ ሄደች። ደረቷን እየደቃች፣ ያ በሳቅ የሚታወቅ ድምፅ እየተሰነጠቀ፣ በዚያ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ላይ፦

«አፈርህን አላየሁ፣ ሣጥኑም ነው ባዶ፣
ከሰው አገር ቆሜ ሰማሁልህ መርዶ።»

አበሾቹ ሁሉ አለቀሱ። ሣጥኑን የተሸከሙት አለቀሱ። ተሳፋሪው ፎቶ ማንሳቱን ትቶ ቆመ፣ አንዲት አሮጊት ባርኔጣዋን አውልቃ ተንሰቀሰቀች። ምን እያለች ነው ብለው ሲጠይቁ አስጎብኚው የጥንት የሲሲሊ ሙሾ ነው፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነው አለ። ደምለው የዚያን ዕለት ማታ በኋላ በር ሲገባ ልቡ ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር። በዚህ በተረገመ መርከብ ላይ አንዲት እናት እርሟን አወጣች፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብሎ አሰበ።

የነዋሪዎቹ አለቃ ዶሪና ትባላለች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ አስቸጋሪውም ይኸው ነው። ነገሩን ስትሰማ እታፈራሁን አቅፋ አለቀሰች፣ የእውነት ዕንባ። በማግስቱ ተሳፋሪዎቹ ከጉዞው ሁሉ የወደዱት ያንን ቀብር መሆኑ ታወቀ። ዶሪና ተመልሳ መጣች። እያዘነች፣ እጇን ይዛ፣ ከእንግዲህ ልብስ እንደማታሰጣ፣ የሰራኩስ ዋና አልቃሽ እንደሆነች ነገረቻት። ማኒላዊቷ ወደ ሽንኩርት መላጥ ተዛወረች።

ሀዘን በአገሩ ልክ አለው። ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እያለ እየቀለለ ይሄዳል። ሰው ጥቁሩን የሚያወልቅበት ቀን አለው፣ ተይ በቃሽ የሚላት ጎረቤት አላት። ሰራኩስ ላይ ግን ኪሩቤል በየጉዞው ትኩስ ሬሳ ነው። መርከቧ ዞራ በመጣች ቁጥር ሣጥኑ ይነሣል፣ እናትየው ትከተላለች። ተሳፋሪው አዲስ ነው፤ ለእሱ ልጁ ዛሬ ነው የሞተው።

ዕንባ ደግሞ ያልቃል። ከጥቂት ጉዞ በኋላ እታፈራሁ አፏ ሙሾ እያወረደ ዓይኗ ደረቀ። ተሳፋሪው ዝም ብሎ ያልፋት ጀመር። ዶሪና በትሕትና ጠራቻት፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ብታደርጊው መልካም ነበር፣ ካልሆነ ግን በሚቀጥለው የጭነት ወደብ እንለያያለን አለቻት። እታፈራሁ የት ትሂድ? ኪሩቤል የተዋት አንዲት የልጅ ልጅ ደብረ ታቦር ጎረቤት ቤት ተቀምጣ የምትበላው በእሷ ሥራ ነው። ወርዳ ብትቀር የልጇን ልጅ ማን ያጎርሳታል?

በሚቀጥለው ጉዞ ሰራኩስ እንደወረዱ ደምለው መረቡን ሲቀድድ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ መርዶውን እንደገና ንገረኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ያን ቀን እንደነገርከኝ። እነሰዒድን ይዘህ ና። አንሶላ እያጣጠፍኩ እጠብቃችኋለሁ።»

«ኧረ ተይ እታፈራሁ፣ ይህ ግፍ ነው።»

«ግፉን ለእኔ ተወው። አንተ ብቻ ንገረኝ።»

ምን ያድርግ? አንዴ የእርም ማውጫ ብሎ የከፈተላት በር ነው። ሰዒድ አልሄድም ብሎ ነበር፣ ተለምኖ ሄደ። ደጃፉ ላይ ቆሙ። ደምለው ተቀመጪ አላት። ኪሩቤል አርፏል አላት። አንሶላው ወደቀና ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ቀን ተሳፋሪው አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። መርከቧ ሰራኩስ በደረሰች ቁጥር በማለዳ ይሄዱላታል። መጀመሪያ ላይ ሲመለሱ አይነጋገሩም ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ደምለው ቁርሱን እያኘከ መሄድ ጀመረ። እሷም ታርመዋለች። ባለፈው ተቀመጪ ስትል ድምፅህ ቀዝቅዞብኛል ትለዋለች፤ ኪሩቤል ከማለትህ በፊት ትንሽ ቆይ፣ ስሙን ከመስማቴ በፊት ያለችው አፍታ ናት የምትገድለኝ ትለዋለች። እሱም እሺ ይላል። ሥራ ሥራ ነው። የሁለቱም እንጀራ ነው።

በዚያው ሰሞን ደምለውም የሚጠብቀው ነገር ነበረው። አንዲት ልጅ አለችው፣ ሜላት፣ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት እሱ በእንቅብ ውኃ እንደመቅዳት በብዙ መከራ ያሳደጋት። ሜላት ደሴ ላይ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። ደምለው አያት ሊሆን ነው። ድምጿን ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰማ፣ ትኩሳት ቢጤ አለኝ፣ ደህና ነኝ ግን አታስብ፣ ወንድ ከሆነ በአንተ አባት ስም ነው የምጠራው ብላው ነበር። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ለጣሪያው ማሳመር አላስፈለገውም፣ በራሱ ብርሃን ሆነ።

ባርሴሎና ላይ ሰዒድ ስልክ ይዞ ጥግ ሲቆም አየው። ሲጠጋው ሰዒድ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ማታ ሰዒድ ከሥጋው ለስላሳውን አቀረበለት። ማርሴይ ላይ አንዱ ወጣት ጋሽ ደምለው አንተ ዛሬ አትስከር፣ እኔ ልስከርልህ ብሎ ተራውን ወሰደለት። ደምለው ሳቀ። እነዚህ ልጆች የምሥራቹን ሰምተዋል አለ በልቡ። ደብቀው ሊያስደንቁኝ ነው፣ እልል ብለው ሊመጡብኝ ነው። የምሥራች ለሚነግረው ሰው ስጦታ ይሰጣልና ምን ልስጥ እያለ ማሰብ ያዘ። ማርሴይ ላይ ለሕፃኑ ትንሽ ነጭ ቆብ ገዛ።

ቆቡን ለእታፈራሁ አሳያት። ተቀብላ አየችው። አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

ያምራል አለችው፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ።

ናፖሊ ላይ ሰገነት ላይ ወጥታ ስድቡ አልመጣላት አለ። አንተ ብላ ጀምራ ትቆማለች። ደምለው ከታች ሆኖ ሆዱን ይዞ ሳቀባት፣ ምነው ሰባት ቤት ዘመዴ አለቀብሽ እንዴ አላት። ዶሪና ደስ አላላትም፣ ሚስትየው ዛሬ ቀዝቅዛለች አለች። መላጥያ ላይ ደወሉን ሰዒድ ደወለለት። ደምለው ይህንን ሁሉ አይቷል። ይህንን ሁሉ አንድ ጊዜ በእታፈራሁ ላይ ራሱ አድርጎታል፣ ራሱ አቅዶታል። ግን ሰው የራሱን ጀርባ አያይም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ደምለው ወደ ሰራኩስ የገባው እያንጎራጎረ ነው።

ጎህ ሲቀድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መረቡን ዘረጋ። ቆቡ ኪሱ ውስጥ ነው። አሁን እነሰዒድ ይመጣሉ፣ ወደ እታፈራሁ ሄደን የተለመደውን እንናገራለን፣ ከዚያ ወዲያ የኔን ነገር ያወጡታል እያለ ያስባል።

ሰዒድ መጣ፣ የቄስ ቀሚሱን ለብሶ። ሁለቱ ሴቶች መጡ፣ ጥቁር ለብሰው። ወጣቱ መጣ። ከፊታቸው እታፈራሁ ነበረች፣ ጥቁር ለብሳ። ሰራኩስ ላይ ሁልጊዜም ጥቁር ነው የሚለብሱት፣ ደምለው ከልብሳቸው ምንም አላነበበም። አንዷ ሴት ውኃ በጣሳ ይዛለች።

ደምለው ፊቱ በሳቅ ተሞልቶ መረቡን ጥሎ ተነሣ።

«እኮ» አለ፣ «ወንድ ነው ሴት?»

ሰዒድ ወደ ባሕሩ ዞረ። እታፈራሁ አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። እጁን ኪሱ ከተተ፣ ቆቡን ጨበጠ። የዛሬው የአንቺ ነው፣ አንቺ ነሽ የምትቀመጪው ሊላት አፉን ከፈተ። እታፈራሁ ስሙን ከመጥራቷ በፊት ትንሽ ቆየች። እንዳስተማረችው ቆየች። ያቺ ትንሽ ቆይታ ምን እንደምታደርግ የዚያን ጊዜ አወቀ።

ሜላት አርፋለች አለችው። ሕፃኑም አልተረፈም።

በሦስት ሰዓት ተሳፋሪዎቹ በፊት ለፊት በር ወረዱ። ሙቀት መከላከያ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ በጠባቡ የድንጋይ መንገድ ግራ ቀኝ ተሰልፈው ቆሙ። ሣጥኑ ተነሣ። ሰዒድ ከፊት ሄደ። እታፈራሁ አለቀሰች፣ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ምናልባት ከዚያም ይብስ፤ ለኪሩቤልም ለሜላትም ነበርና። ደምለው አጠገቧ ሄደ። ደረቱን አልደቃም። ድምፅ አላወጣም። ዕንባ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፣ አልመጣም። ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ፣ እግሩን ብቻ እያነሣ እስከ መጨረሻው ሄደ። እርሙን ሳያወጣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

ዶሪና ኋላ በር ላይ ጠበቀችው። ሰምታለች። አቀፈችው፣ አለቀሰችለት። ወንድ አልቃሽ ለረጅም ጊዜ ጎድሎን ነበር አለች፣ ዕንባዋን እየጠረገች። ተሳፋሪዎቹ ሐሳቡን ወደውታል። ብቻ ደረቅ ነበር፣ እንደማይሰማው ሰው ነበር አሉ። ይገባኛል፣ የመጀመሪያ ቀን ከባድ ነው፤ በሚቀጥለው ጉዞ ይስተካከላል አለች። ከዚያ ክንዱን ጨብጣ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ጣሪያው ሥር ነዋሪዎቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያሳመሩ ወደየመኝታቸው ሄዱ። ደምለው ፊቱን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት መተላለፊያው ላይ ቆመ። እታፈራሁ ከኋላው ደረሰች። ቆቡን ከእጁ ቀስ ብላ ፈልቅቃ ወሰደች፣ አጣጥፋ ኪሱ ውስጥ መለሰችለት፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ወደ ጣሪያው እያየች ፈገግ አለች፣ ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገች።

«አይዞህ ወንድሜ» አለችው። «በሚቀጥለውም እኔ እነግርሃለሁ።»